ሁለት ብዬ የጻፍኩበት ክረምት

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

በሐይቅ ከተማ አስፋልት ዳር ያሉትን ላቫጆዎች ዛሬ ጨረስኩ። አምስት ናቸው። የተሰጠኝ ባለ ሁለት ገጽ ቅጽ ነው፤ የሠራተኛ ብዛት፣ የጽሑፍ ውል፣ የሥራ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍት፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ። በእያንዳንዱ ፊት «አለ» ወይም «የለም» ይጻፋል። በአራቱ ላይ «የለም» ስጽፍ ዋልኩ። ባለቤቶቹ እንኳ አይቆጡም፣ ይስቃሉ። አንደኛው ውል የሚፈርም አጣቢ የት አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ዛሬ እዚህ ያጥባል፣ ነገ ጅዳ ነው አለኝ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ከሆንኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ ይህን ሳቅ ለምጄዋለሁ።

መጨረሻ የደረስኩት ዙለይሃ ጋ ነበር። ዝናብ ስለጀመረ ቶሎ ጨረስን። ሠራተኛ ሁለት፣ ማህዲና ጁማ። ውል አለ። ጓንት አለ። ቦት አለ። ፈረምኩ።

ሐምሌ 4፣ አርብ

የዙለይሃን ቅጽ ጠዋት ደግሜ አየሁት። ንጹሕ ነው፣ ዝናቡ አልነካውም።

እዚያ አንዲት ሴት ነበረች። ጎልማሳ ናት፤ ሮቶው አጠገብ ጀሪካን ይዛ ቆማለች። ዙለይሃ ሳልጠይቃት «ዘመዴ ናት፣ ውሃ ልትቀዳ መጥታ ነው» አለችኝ። ተሻለች ትባላለች። ተሻለች ክርስቲያን ናት፣ ዙለይሃ እስላም፤ ወሎ ውስጥ ይኼ ዝምድናን አይከለክልም። ስለዚህ አልጠየቅኩም። የተነገረኝን ጽፌያለሁ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ውጫሌ እናቴ ጋ መሄድ ነበረብኝ፣ ዝናቡ አስቀረኝ። ዙለይሃ የቤቴ አከራይ ናት፤ በግቢዋ ካሉት ሁለት ሰርቪሶች አንደኛው የኔ ነው። ዛሬ ቤት ዋልሽ ብላ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ጠብሳ ላከችልኝ። በግንቦት ታይፎይድ ጥሎኝ በነበረ ጊዜም አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ አጥሚት በማንኪያ ያጠጣችኝ እሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ፣ ያፈራችውን ሁሉ ላቫጆው ላይ አፍስሳዋለች። ጠዋት ከአጣቢዎቹ ቀድማ ትገባለች፣ ማታ ከኋላቸው ትወጣለች።

ተቆጣጣሪ ከሚቆጣጠረው ሰው ጋር ግንኙነት ካለው ለጽሕፈት ቤቱ ያሳውቃል የሚል መመሪያ አለን። የቤት ኪራይ ግን ግንኙነት ይባላል? ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ እንዲያ ከሆነ ማንንም መቆጣጠር አይቻልም።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ስብሰባ ነበር። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ምስጋናው ሪፖርቴን አነበቡት። ከአምስቱ አንዱ እንኳ መሟላቱ ጥሩ ነው፣ ለሌሎቹ አርአያ ይሆናል ብለው ለዙለይሃ የምስጋና ደብዳቤ እንዲጻፍ አዘዙ። ደብዳቤውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። «ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ደህንነት ላሳየው ትጋት» የሚለው አገባብ ትንሽ አስቸገረኝ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ወደ ቢሮ ስሄድ በዙለይሃ ላቫጆ በኩል አለፍኩ። ደብዳቤው በመስታወት ተደርጎ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። ተሻለች ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ የሚኒባስ ጎማ በብሩሽ ትፈትግ ነበር። ወደ ማዶ ተሻገርኩ። በዚያኛው በኩል ጭቃ ስለነበረ ነው።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ተሻለች ወደቀች። ከጭነት መኪና ላይ። ጣራውን ስታጥብ።

ደሴ ወስደዋታል።

ዙለይሃ ማህዲን አስከትላ አብራ ሄዳለች። የግቢው በር ክፍቱን ነው የቀረው፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ሐምሌ 25፣ አርብ

ማህዲ ሲመለስ አገኘሁት። ከአጣቢዎቹ ረጅም ዘመን የቆየው እሱ ነው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መኪናው ከመርሳ ሽንኩርት አራግፎ የመጣ ነበር አለኝ። ሹፌሩ ጣራውም ይታጠብልኝ አለ። ማህዲ ከሥር ነበር፣ ጁማ ምሳ ሄዶ ነበር፤ ተሻለች ወጣች። ሳሙና ፈሶበታል፣ በእግሯ ያለው ሸበጥ ነው። ታፋዋ ተሰብሯል።

ቦት አልነበራትም ወይ አልኩት። ማህዲ ለአፍታ ዓይኔን አየኝና «ቦቱ ሁለት ጥንድ ነው» አለ።

ነሐሴ 2፣ አርብ

ዙለይሃ በየሁለት ቀኑ ደሴ ትሄዳለች። ጾም ስለሆነ ለተሻለች ሽሮ ለብቻው በአዲስ ድስት ትሠራላታለች፤ ፍስክ የነካው ዕቃ አላስጠጋም ብላ። እንዲህ ያለ ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም። ትላንት በር ላይ ስንገናኝ፣ አላህ ያሽራት እንጂ ተኝታ እስክትነሳ አልለያትም አለችኝ። አሜን አልኩ። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

የተሻለች ልጅ ጸዳለ ቢሮ መጣች። ሃያ አራት ሃያ አምስት ይሆናታል፤ ውርጌሳ አግብታ ትኖራለች። ማመልከቻ ይዛለች። እናቴ በዚህ ላቫጆ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር እስኪቀረው በአጣቢነት ሠርታለች፣ ጉዳቱ የደረሰባት ሥራ ላይ ነው፣ በሕጉ መሠረት መታከምና መካስ አለባት ይላል። ማን እንደጻፈላት ጠየቅኳት። ራሴ ነኝ አለች። መዝገብ ላይ አሰፈርኩላት።

ልትወጣ ስትል ዞር ብላ «ቁጥጥር ያደረጉት እርስዎ ነዎት አይደል?» አለች። አዎ አልኳት። «እንግዲያው ያውቋታል» ብላ ሄደች።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

አቶ ምስጋናው ዙለይሃን አስጠርተው መልስ ጠየቋት። እኔ ከጎን ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። ተሻለች ዘመዴ እንጂ ሠራተኛዬ አይደለችም፣ ስትመጣ በገዛ ፈቃዷ ታግዘናለች አለች። ከቦርሳዋም የቅጹን ቅጂ አወጣች፤ ፊርማዬና ማኅተማችን ያለበትን። አቶ ምስጋናው መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ሁለት ይላል» አሉ።

ቃለ ጉባኤው ላይ «ሁለት ይላል» ብዬ ጻፍኩ።

ነሐሴ 8

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ዛሬ ደግሜ አነበብኩት። ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም ሠራተኛ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የኔ ቅጽ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ ተሻለች ምስክር ትጠራለች፣ ጎረቤት አለ፣ ሹፌሮች አሉ።

ሹፌሮቹ ግን መንገደኞች ናቸው። ማህዲና ጁማ የዙለይሃን እንጀራ ነው የሚበሉት።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ዙለይሃ ልብሴን ሳጥብ መጥታ አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።  ከዚያ፣

«ሚስጥርዬ፣ እኔ ክፉ ነኝ እንዴ?»

አይደለሽም አልኳት። ከልቤ ነው።

«አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ስሜን በወረቀት ላይ ያሰፈረ የለም። ታምሜ ሠርቻለሁ፣ ጾሜ ሠርቻለሁ። አንድም ቀን ቅጽ የያዘ ሰው በሩን አንኳኩቶ ስንት ናችሁ አላለም። ሕጉ የተጻፈው እኔ አሠሪ ስሆን ነው?»

ጨመቅኩ፣ አሰጣሁ። ተሻለችን የወሰደችው ባሏ በሞተ ዓመት ከልቧ አዝናላት መሆኑን ነገረችኝ። መኪና ማጠብ የሴት ሥራ አይደለም ብለው ሌሎቹ ሲመልሷት እሷ ተቀብላታለች። አሁን ካሳ የሚባል ነገር ከተወሰነባት ላቫጆው ሊዘጋ ይችላል፤ ማህዲና ጁማም ይበተናሉ።

«በዘመድነት የምችለውን ሁሉ አደርግላታለሁ፣ ወላሂ። በወረቀት ግን አታስይዢኝ» አለች።

እኔ ምንም አላስያዝኳትም። ያስያዝኩት ተሻለችን ነው። ይህን ግን አልነገርኳትም፤ አሁን ነው የመጣልኝ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ፍልሰታ ስለተፈታ እንቁላል ቀቅዬ ደሴ ሄድኩ። ለቁጥጥር ሳይሆን ለመጠየቅ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ተሻለች በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ላይ ናት፤ እግሯ በገመድ ተወጥሮ ተሰቅሏል። ፊቷ ደርቆ ሲታይ ሌላ ሰው ነው የምትመስለው፤ በላቫጆው ባየኋት ጊዜ ሁሉ እርጥብ ነበረች።

እንደማውቃት ሁሉ አቅፋ ሳመችኝ። ስለ ዙለይሃ ስታወራ ክፉ ቃል አልወጣትም። ምግቡን፣ ብርድ ልብሱን፣ ያመጣችላትን ሁሉ ዘረዘረች። ታዲያ ለምን አመለከታችሁ አልኳት።

«በሰጠችኝ ቁጥር አመሰግናታለሁ። በቀን ሦስቴ፣ አራቴ። ማመስገን ደከመኝ ልጄ። የሠራሁበት ከሆነ ግን ሳላመሰግን እበላው ነበር።»

እንቁላሉን ልላጥላት ተቀበልኳት። እጇን ይዤ ሳለ እንዲህ አለችኝ። «አንቺ ደግ ነሽ፣ ያን ዕለት አልረሳሁሽም። ሁሉም መኪናውን ነው የሚያየው፤ አንቺ እጄን አየሽ። ‹እትዬ፣ ሳሙናው ልጦሻል፣ ጓንት አድርጊ› አልሽኝ።»

የእንቁላሉ ልጣጭ አልጋው ላይ ተበተነ። ለቃቅሜ ወጣሁ። 

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ሐምሌ 3 ቀን ያልጻፍኩትን ልጻፍ።

ስደርስ ተሻለች ጀሪካን አልያዘችም። ስፖንጅ ይዛለች። አረፋው እስከ ክንዷ ደርሷል። የአንድ ነጭ መኪና በር ታጥብ ነበር፤ እጇን ሳይ ቆዳዋ ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል፣ ጓንት አድርጊ አልኳት። እሷም እሺ አለች። ከዚያ ዙለይሃ ከውስጥ ወጣች፣ ቅጹን እጄ ላይ አየች። ለተሻለች በዓይኗ ምልክት ሰጠቻት፤ ተሻለች ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጣለችና ጀሪካን አንስታ ሮቶው አጠገብ ቆመች። ይህ ሁሉ ፊቴ ነው የሆነው። ዙለይሃ «ዘመዴ ናት» አለች። ዝናብ ጀምሮ ነበር፣ ያ እውነት ነው። ግን ቆርቆሮ ሥር ነበርን።

«ሁለት» ብዬ የጻፍኩት ተሻለችን እያየሁ ነው። አረፋው ከክንዷ ላይ ገና አልፈሰሰም ነበር።

ለምን? በግንቦት ያጠጣችኝ አጥሚት ነው? ከግቢዋ መልቀቅ ፈርቼ ነው? አራት ቦታ «የለም» ስል ውዬ አንድ «አለ» አምሮኝ ነው? አላውቅም። ማንም አልለመነኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ያ ነው የባሰው።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

አቶ ምስጋናው ጋ ገባሁ። ቅጹ ይታረም አልኳቸው። በሩን እንድዘጋ አዘዙኝ።

ክፉ ሰው አይደሉም። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲታረም የሚጠየቀው አራሚው ነው አሉ። ያኔ ምን ታደርጊ ነበር ይሉሻል። የምስጋና ደብዳቤ የሰጠሁትንም እኔን ይጠይቁኛል። ሠራተኝነቷን ሌላ ምስክር ካስረዳ መልካም፤ አንቺ ግን ዝም ብትዪ ማንም አያውቅም።

«ተሻለች ታውቃለች» አልኳቸው።

«ተሻለች ከሳሻለች?»

አልከሰሰችኝም፣ አመስግናኛለች አልኩ። ለረጅም ጊዜ እስክሪብቷቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። በመጨረሻ «እኔ አላየሁም። ያየሽው አንቺ ነሽ። ካልሽ በጽሑፍ አምጪው» አሉኝ።

ነሐሴ 21

ጻፍኩት። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። የዙለይሃ ተከራይ መሆኔንም ጨምሬበታለሁ።

ሳልሰጠው በፊት ለዙለይሃ መንገር ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሦስተኛው ላይ ራሷ ከፈተችው። ነገርኳት። አልጮኸችም። «በይ እሺ» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

የማስማማት ስብሰባው ተደረገ። አቶ ምስጋናው መሃል፣ ጸዳለ በእናቷ ስም በቀኝ፣ ዙለይሃ በግራ። ማህዲ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የጻፍኩትን ቆሜ እንዳነብ ተደረገ።  «በዕለቱ ሲሠሩ ያየኋቸው ሠራተኞች ሦስት ናቸው። ሁለት ብዬ የሞላሁት እያወቅኩ ነው።»

ጸዳለ ጠረጴዛውን ነው የምታየው። እናቷ ተቆጣጣሪዋ እጄን አይታለች ስትላት አላመነቻትም ይሆናል፣ አሁን አመነችው መሰለኝ።

ማህዲ ተጠራ። ስንት ሆናችሁ ትሠሩ ነበር ተባለ። ኮፍያውን አወለቀና ዙለይሃን አየ። እኔ የፈራሁት ይህችን ደቂቃ ነበር፤ እንጀራውን የሚያጣበትን ቃል ተናገር ብሎ ማንም ሊያስገድደው አይችልም። ማህዲ አፉን ከመክፈቱ በፊት ዙለይሃ ተናገረች።

«አታስጨንቁት። ሦስት ናቸው። እኔን ከጨመራችሁ አራት፤ እኔም አጥባለሁ።»

ከዚያ በኋላ የቀረው ፈጣን ነበር። ዙለይሃ ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን አመነች። የሕክምናውና የካሳው አከፋፈል በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሆን ጸዳለ ተስማማች፤ ላቫጆው ተዘግቶ ማን ይከፍለናል አለች። ፈረሙ። ሲወጡ ዙለይሃ ጸዳለን እጇን ይዛ ደረጃውን አወረደቻት፤ ጸዳለ ነፍሰ ጡር መሆኗን እስከዚያ አላስተዋልኩም ነበር። ዘንድሮ የማላስተውለው ብዙ ነው።

ነሐሴ 30፣ አርብ

መውሊድ። ከዙለይሃ ቤት መንዙማና ድቤ ይሰማል። አምና ግቢው ሙሉ ሰው ሲሆን አዳራሹ መሃል አስቀምጣኝ ነበር። ዛሬ በሬን ገርበብ አድርጌ ስሰማ ዋልኩ። የጠራኝ የለም። ባትጠራኝ ልክ ናት።

ማምሻውን አንዲት ልጅ ሳህን ይዛ መጣች። ማን ላከሽ አልኳት፤ ለሁሉም ተከራይ ነው አለች።

መስከረም 8፣ ሐሙስ

የቅጣት ደብዳቤዬ ደረሰኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የአንድ ወር ደመወዝ ቅጣት፣ ከቁጥጥር ሥራ መነሳት። ከሰኞ ጀምሮ መዝገብ ቤት ነኝ። አቶ ምስጋናው ሲሰጡኝ አላዩኝም። አራቱን ላቫጆዎች አሁን የሚዞረው ሌላ ነው፤ አምስተኛውንም።

ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ምን አጥፍተሽ ነው አለች። እውነት ጽፌ ነው ብላት ደስ ይላት ነበር። «ውሸት ጽፌ ነው» አልኳት። የፊታችን ቅዳሜ ውጫሌ ነይ፣ በቆሎው ደርሷል አለችኝ።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ

ተሻለች ከሆስፒታል ወጣች። በክራንች ነው የምትሄደው፤ አንዱ እግሯ ማጠሩ እንደማይቀር ሐኪሙ ነግሯታል። ልጠይቃት ሄድኩ። ያደረግኩትን ጸዳለ ነግራታለች፤ ሁሉንም፣ እያየኋት ሁለት ብዬ መጻፌንም። ይቅርታ አልኳት።  «እኔም እኮ ጀሪካኑን አንስቻለሁ» አለች። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ስትሻል ወደ ላቫጆው ትመለሳለች። በር ላይ ተቀምጣ ተራ ታስይዛለች፣ ቁልፍ ትቀበላለች። አዲሱ ውሏ ላይ ራሷ ያስጻፈችው አንድ መስመር አለ፤ «ከመሬት በላይ አልሠራም» ይላል።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

መዝገብ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። መስኮት አለው፤ ከሰዓት ፀሐይ ይገባል። ፋይል ስደረድር ዙለይሃ ገባች። ቢሮ ስትመጣ የምትለብሰውን ጥቁር አባያ ለብሳለች። ከስብሰባው ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም።

አራት ባዶ የሥራ ውል ቅጾች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አዲሱ ተቆጣጣሪ የማህዲም የጁማም ውል በትክክል አልተሞላም ብሎ መልሶባታል። የተሻለችም ባለ ማኅተሙ ቅጽ ላይ ይገልበጥ ብሏል። አንቺ ታውቂበታለሽ፣ ሙይልኝ አለች። እኔ ከዚያ ሥራ ተነስቻለሁ አልኳት። «መሙላት አልተከለከልሽም» አለች።

የማህዲን ሞላሁ። የጁማን ሞላሁ። የተሻለችን ከነመስመሯ ገለበጥኩ። አንድ ቅጽ ተረፈ። ልመልስላት ስል እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«በዚህ ላይ የኔን ሙይበት» አለች። «ሠራተኛ በሚለው። የሪያዱን።»

አሠሪ ማን ይባል አልኳት። ጥቂት አሰበችና ባዶ ተይው አለች። የሥራው ዓይነት፤ ሁሉም። ሥራ የተጀመረበት ቀን፤ ቀኑን ከነሰዓቱ ታስታውሳለች። የሥራ ሰዓት፤ ከንጋቱ ፈጅር ሶላት እስከሚተኙ። የሳምንት ዕረፍት ቀን። እዚህ ላይ ሳቀች፤ ከሁለት ወር በኋላ ያየሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው። የለም በዪ አለች። የደረሰ ጉዳት የሚለው ላይ ስደርስ የአባያዋን እጅጌ ሰበሰበችና ክርኗ ላይ ያለውን የድሮ ጠባሳ አሳየችኝ። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖረን አይቼው አላውቅም። ያየሁትን ጻፍኩ።

ለማን ነው የሚገባው አልኳት።

«ለማንም። ይጻፍ ብቻ።»

ቅጹን አዞርኩላት። የሠራተኛው ፊርማ የሚለው ላይ ቀስ ብላ፣ ሙሉ ስሟን ከነአያቷ ጻፈች። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት፣ ለአራት አጠፈችው፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ሦስቱን ውሎች በእጇ ይዛ ወጣች።